ፋርማሲስቱ የዘረጋው መስመር

አባቴ ቤቱን ጥሎ የወጣው በጠራራ ፀሐይ፣ ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ እያፏጨ ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፉጨቱን ለረጅም ጊዜ ይቅር አላልኩትም። ሰው ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ሲሄድ ቢያንስ አንገቱን ይደፋል። አባዬ ግን ፍራሹ በሩ ላይ ሲያስቸግረው ዞር ብሎ ለእናቴ ሳቀላት። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች፣ ትራሱን መርሳቱን ነገረችው።

ትራሱን ያደረስኩለት እኔ ነኝ። አባዬ ማስታወቂያ ጻፊ ነበር፤ የሱቅና የቢሮ ታፔላ ይሠራል። የሥራ ቦታው ከቤታችን ሁለት መንገድ ማዶ ያለች፣ ቀለምና ማቅጠኛ የምትሸት አንዲት ክፍል ናት። ፍራሹን «መኪና ማቆም ክልክል ነው» በሚሉ ታፔላዎች መካከል ዘርግቶ አገኘሁት። ለምን እንደወጣ ብጠይቀው ሥራ በዝቶብኝ ነው አለኝ። ቤት ተመልሼ እማዬን ብጠይቃት ሥራ በዝቶበት ነው አለችኝ። ሁለት ሰዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ተማክረው እየዋሹ መሆኑን ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ዛሬም የባለሥልጣን መግለጫ ስሰማ የማስበው ይህንኑ ነው።

ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እማዬ የአባዬን ሸሚዝ አጥባ ተኩሳ ስታበቃ፣ የደረት ኪሱን አፍ በጠባብ ስፌት ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ልብስ ሰፊ ባሏን ስትጣላ ኪሱን ትሰፋበታለች ብዬ ደመደምኩ። ሰውዬው እስክሪብቶውን የት ሊያደርግ ነው? ሸሚዙን በላስቲክ ጠቅልላ ላከችኝ፤ ኪሱን እንዳልነካም አስጠነቀቀችኝ። አባዬ ሸሚዙን ተቀብሎ ኪሱን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ንዴት መሰለኝ።

በላከችለት ሸሚዝ ሁሉ ኪስ ውስጥ ደብዳቤ እንደነበረ ያወቅሁት አባዬ ካረፈ በኋላ፣ ደብዳቤዎቹን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅልለው ሳገኛቸው ነው። ስምንት ናቸው፤ የአንዳንዱ ጫፍ ላይ እስካሁን ክር አለ። ስለ መኪና ውድድሩ አንዲት ቃል የለባቸውም። ስለ ሌላው ጉዳይ እኔ አልናገርም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከውድድሩ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ በተዘጋው የክር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ አውቶክሮስ ይካሄድ ነበር። ሰፊ አስፋልት ላይ በፕላስቲክ ኮኖች ጠመዝማዛ መስመር ይዘረጋል፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየገቡ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ኮን የገጨ ሁለት ሴኮንድ ይጨመርበታል። ሁለት ኮን ጎን ለጎን ሲቆም በር ይባላል፤ በር የሳተ ዙሩ ይሰረዝበታል። መስመሩ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ማንም ነድቶት አያውቅም፣ ከመንዳት በፊት የሚፈቀደውም በእግር እየሄዱ ማጥናት ብቻ ነው። ይህን የልጆች ጨዋታ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ መኪናቸውን ቤታቸው ለማስገባት ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የሚሉ ናቸው።

አባዬ መስመር ዘርጊ ነበር። እማዬ ደግሞ ነጂ፤ መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ ትንሽና አሮጌ፣ ሁሉም ሰው «ቁንጫ» የሚላት ናት። አምና አባዬ በዘረጋው መስመር ላይ እማዬ አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣው ፋርማሲስቱ ነበር፤ ትልቅ ነጭ መኪና ያለው፣ ጎማ በየዓመቱ የሚቀይር ሰው። በሁሉም ፊት «እኛ መስመሩን በእግራችን ነው የምናጠናው፤ እሷ ግን በትራስ» አለ። ሰዎች ሳቁ። እማዬ ከሳቁት መካከል ልብስ የምትሰፋላቸው ሦስት ሰዎች ስለነበሩ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም።

ዘንድሮ እንደገና የአባዬ ተራ ሲደርስ ባልና ሚስቱ መከሩ። እሱ መስመሩን መንደፍ ከጀመረበት ቀን እስከ ውድድሩ ድረስ ሁለት ሳምንት ተለያይተው ሊያድሩ፣ ፊት ለፊትም ላይነጋገሩ ወሰኑ። ይህን ነጂው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያልነገሩኝም በምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ስሜ «ሬዲዮ» ነበር። ከቤት ወደ አባዬ ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ ንድፉ ምስጢር መሆኑን ካወቅሁ ማየቴ፣ ካየሁ ደግሞ መናገሬ እንደማይቀር ሁለቱም ሳይከራከሩ ተስማሙ። በኋላ እማዬ እንደነገረችኝ በትዳራቸው ውስጥ ሳይከራከሩ የተስማሙበት ብቸኛው ጉዳይ ይህ ነው።

ሐሙስ ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ የአባዬ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ የነጂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። አባዬ ሰፊ ወረቀት ላይ በቀለም በተነከረ ጣቱ እያመለከተ ነበር።

«እዚህ ጋ ቁንጫ ትሞታለች» አላቸው። «ረጅም ቀጥታ ነው፤ ጉልበት ያለው መኪና ይበልጣታል። እዚህም ጋ እንደዚያው። አንድም ማምለጫ አልተውኩላት።»

ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጨከንክ አሉት። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም፤ እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ። ምሳውንም መንገድ ላይ በላሁበት፤ እናቴን ለሚያጠቃ ሰው ምሳ አይገባውም።

ቀሪውን ግማሽ ከሃያ ዓመት በኋላ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። አባዬ የቀጠለው «ይሄን ሁሉ አልፋ ካሸነፈች ማንም አፉን አይከፍትባትም» ብሎ ነው። ሚስቱን የሚያምን ሰው እንደዚያ ነው የሚጨክነው። ግን ልጅ ሆኖ በር ላይ የሚቆም ሰው ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አይጠብቅም፤ ካደጉም በኋላ የማይጠብቁ አሉ፣ አንዳንዶቹ ጽሑፌን አንብበው ሳይጨርሱ ይጽፉብኛል።

እሑድ ጠዋት ከእማዬ ጋር በቁንጫ ሄድን። ነጂዎች እስከ ሦስት ሰዓት ከፋብሪካው በር ውጭ ነው የሚጠብቁት። እኔ ነጂ ስላልሆንኩ ለአባዬ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እንድገባ ተፈቀደልኝ። አባዬ ተንበርክኮ በየኮኑ እግር ዙሪያ በጠመኔ አራት ማዕዘን እየሠራ ነበር፤ ኮን ሲገጭ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚያ ምልክት ነው። ንድፉ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሻዩን አስቀመጥኩ፤ ንድፉን አራት ላይ አጠፍኩና ሹራቤ ሥር ከተትኩ። ለእናቴ ዘምቼ ነበር።

እማዬ መሪው ላይ ተደግፋ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቅ ነበር። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖርኩላትና ከአባዬ ነው አልኳት። ገለጠችው። ስምንት ደብዳቤ ሰፍታ ልካ አንድም መልስ ያላገኘች ሴት ከባሏ ዘንድ የታጠፈ ወረቀት ሲመጣላት ምን ታድርግ? ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቀሚስ ቅድ አንዴ አይታ ጨርቅ የምትቆርጥ። ወረቀቱን ያየችው ከሁለት ትንፋሽ አይበልጥም። በቅቷታል።

ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የምትስመኝ መስሎኝ ጉንጬን አቀረብኩ። እሷ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ ከየት አመጣሽው አለችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ የሁለቱን ሳምንት ምስጢር በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ባትቆጣ ይብሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ እኔ መሆኑ ገባኝና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ዝም ልትል ትችል ነበር። ወረቀቱን ማንም አላየም፤ እኔ ስወጣም ስገባም የተመለከተኝ ሰው የለም። ከዚህ ባነሰ ነገር ዝም ብለው ዕድሜ ልካቸውን የተከበሩ ሰዎች አውቃለሁ። እማዬ ግን በሩን ከፍታ ወረደች፤ ቀጥ ብላ ወደ ጋሼ ሄደች።

«ጋሼ፣ መስመሩን አይቼዋለሁ» አለች ሁሉም እየሰማ። «ልጄ አምጥታልኝ ሳላውቅ ገለጥኩት። እሷን ይተዉአት፤ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ፋርማሲስቱ ነጭ መኪናውን ተደግፎ ነበር። ፈገግ አለ። «አምና በትራስ፣ ዘንድሮ በልጅ» አለ።

ለቅሶዬን አቋርጬ መኪናህ ፍሪጅ ይመስላል አልኩት። ዳቦ ጋጋሪው አፉን በእጁ ያዘ። ፋርማሲስቱ መኪናውን ዞር ብሎ ሲያይ ነገሩ እንደገባው ታወቀኝ፤ እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያች ያለች ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ሁለት መንገድ አለ አሉ። ወይ እሷ ዛሬ አትነዳም፣ ወይ መስመሩ ተነሥቶ ሌላ ይዘረጋል። ግን መስመር የዘረጋ ሰው በዚያ ቀን አይነዳም፤ ደንብ ነው። ሁሉም ሊነዳ ነው የመጣው፣ ማን ይዘርጋ? ነጂዎቹ እግራቸውን ማየት ጀመሩ። ፋርማሲስቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየታወቀ ሌላው ለምን ይቀጣል ሲል፣ እማዬ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ዘርጋው። እኔ አንተ በዘረጋኸው ላይ ልንዳ።»

ፋርማሲስቱ አዲሱን ጎማውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቁንጫን አየ። ሁሉም ሰው እሱን ያያል። «ይሁን» አለ በመጨረሻ። «እኔ ከማሸንፍ እውነቱ ቢወጣ ይሻለኛል።» ለእውነት ደንታ አልነበረውም፣ ስትሸነፍ ማየት ነው የፈለገው። ቢሆንም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ኮን ሊሸከም መግባቱን አልክድም፤ የሚያደርጉት ብዙዎች አይደሉም።

የአባዬ መስመር ሲነሣ የዝምታው ውልም አብሮ ፈረሰ። አባዬ ወደ ቁንጫ መጣ። ጦርነት ጠበቅሁ። እሱ ግን ሐሙስ ምሳዬን ማን በላው ብሎ ጠየቀ። እማዬ በእጇ ጀርባ ወደ እኔ አመለከተች፣ ከዚያ ሁለቱም ዞር ብለው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ መሰለኝ፤ ስለዚህ እኔም ጨመርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አባዬ የቁንጫ የፊት መከላከያ ብረት ላይ ተቀምጦ ፋርማሲስቱ በሚያቆመው በእያንዳንዱ ኮን ሲያቃስት ነበር። እኔም ዛሬ መስመር ዘርጊ ነኝ፤ ማቃሰቱ ይገባኛል። መስመር እንቆቅልሽ አይደለም። ነጂው የት መሄድ እንዳለበት ሊጨነቅ አይገባም፤ የሚጨነቀው እንዴት እንደሚሄድ ነው። ጥሩ ዘርጊ አንዷን ማጠፊያ የሚያኖረው ቀጥላ የምትመጣዋን አስቦ ነው። መጥፎ ዘርጊ ኮን ሲበዛ ብልሃት የበዛ ይመስለዋል። በዚህ ጉዳይ ሊከራከረኝ የሚፈልግ ካለ ዝግጁ ነኝ።

በእግር ማጥናት ሲፈቀድ እማዬ የመጀመሪያውን ዙር ከሌሎች ጋር አልሄደችም። ከሰው ጋር እያወሩ የሄዱት መስመር የሰው መስመር ነው ትል ነበር። ሁሉም እስኪያልፉ ቆማ ብቻዋን ገባች። ሁለተኛውን ዙር እርምጃ እየቆጠረች፣ አልፎ አልፎ ቁጢጥ እያለች ሄደች። እኔ ከመስመሩ ውጭ በሩቁ እየተከተልኳት አለቅስ ነበር፤ ለቅሶዬ ሰፊው ግቢ ውስጥ እያስተጋባ ይመለሳል። በሦስተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ቆመች፤ ወደ እኔ መጣችና እጄን ያዘች።

ከመጋዘኑ ጥግ ደረስን። ፋርማሲስቱ እዚያ ጋ ኮኖቹን ደርድሮ ደርድሮ ከአንድ በር አጠገብ ሌላ በር፣ ከዚያም ሌላ ሠርቷል።

«እኔ ስቆም ይታየኛል» አለች። «ቁንጫ ውስጥ ስቀመጥ ግን ዓይኔ ያንቺ ቁመት ላይ ነው የሚሆነው። ምን ይታይሻል?»

አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግሁና አየሁ። «ግድግዳ ነው» አልኳት። «በር የለውም።»

እውነት ነበር። ከዚያ ከፍታ ሲታይ የፊተኛው በር ኮን የኋለኛውን በር ይሸፍነዋል። ከግድግዳው በላይ ምን አለ አለችኝ። የፋብሪካው የውሃ ታንከር በአራት የብረት እግር ቆሞ ነበር። ወደ የትኛው እግር ብንሄድ በሩ ይከፈታል ብላ ጠየቀችኝ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ እያልኩ ሞከርኩ። የግራውን እግር ፊት ለፊት ሳደርገው በሩ ወለል አለ። ነገርኳት።

«ጎሽ የኔ ልጅ። እንግዲህ አንድ ሥራ አለሽ። እኔ ስነዳ ያን ታንከር ጠብቂልኝ፤ ወደ የትም እንዳይሄድብኝ።»

ለቅሶዬ በአንዴ ደረቀ።

ነጂዎቹ ገቡ። ዳቦ ጋጋሪው ግድግዳው ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ጠምዝዞ በአጥሩ ሥር ወጣና ጡሩምባውን እየነፋ ተመለሰ። አንዲት አስተማሪ መሀል ላይ መኪናዋን አቁማ፣ ወርዳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ተመለከተች። አንድ ወጣት ሦስት ኮን በመከላከያው እየገፋ እስከ መድረሻው አመጣቸው። በሩን ያገኙትም በዝግታ ነው ያገኙት።

የእማዬን ዙር ሳልነግራችሁ መቅረት ምኞቴ አይደለም፤ ግን አላየሁትም። ታንከሩን እየጠበቅሁ ነበር። የቁንጫን ጩኸት ሰማሁ፤ ማርሽ ሲወርድ፣ ጎማ ሲንሰቀሰቅ፣ ከጀርባዬ የሰው ትንፋሽ ቀጥ ሲል። ታንከሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ጋሼ ሰዓታቸውን ይዘው ሲጮኹ ሰማሁ፤ አርባ ስምንት ሴኮንድ፣ አንድም ኮን ያልተነካበት። ሁለተኛ የወጣው አምስት ሴኮንድ ኋላ ቀርቷል።

ፋርማሲስቱ የውጤቱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ውድድሩ ካለቀ፣ ለውጤት ሳይሆን መስመሩ ለሚያውቀው ሰው ቀላል መሆኑን ለማሳየት እሱም አንድ ዙር ልንዳ አለ። ጋሼ ፈቀዱለት። ነጩ መኪና ቀጥታው ላይ እንደ ጥይት ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ማጠፊያዎች አሳምሮ በላቸው፣ መጋዘኑ ጥግ ደረሰና ቆመ። በገዛ መስመሩ ውስጥ ጠፋ። ሞተሩ እየሠራ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት። ወረደና አየ፤ በሩ እዚያው ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ በሩ የለም። ቆሞ ነበር የዘረጋው። እንደገና ወረደና በንጹሕ ነጭ ሱሪው አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። አባዬ እንኳ አልሳቀም።

ሲመለስ እናቴ ፊት ቆመና በእግር ነው ያጠናሽው አለ፣ ከዚያ በላይ አልወጣውም። ይቅርታ አልጠየቀም። ሞቷል፤ እኔ ግን አሁንም እጠብቃለሁ። አባዬ ያን ቀን ማታ ቤቱ ገባ። እኔም ወላጆቼን ያስታረቅሁት እኔ ነኝ፣ ውድድሩንም ያሸነፍነው በእኔ ዓይን ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁ፤ ሬዲዮ አይደለሁ?

ይህንኑ ባለፈው ወር ለአዳዲስ ነጂዎች አወራሁላቸው። መስመር ዘርግቼ ነበር፣ እማዬም ልታይልኝ መጥታ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ምርኩዝ ይዛለች። ቁጢጥ በሉ፣ በነጂ ዓይን እዩ፣ እኔ በስምንት ዓመቴ ያየሁት ያንን ነው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋቸው። ልጆቹ ሲበተኑ እማዬ ጠጋ አለችኝ።

«በሩን እኮ በሁለተኛው ዙር አይቼው ነበር» አለች። «ታንከሩንም።»

ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ያወራሁት ታሪክ ነው፤ ለስንት ሰው አስተምሬበታለሁ። ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ አልኳት።

«ምን ላድርግ ልጄ? አንቺ እያለቀስሽ እርምጃዬን መቁጠር አቃተኝ።»

መልስ ነበረኝ፤ እንዲያውም ብዙ መልስ ነበረኝ። እሷ ግን ምርኩዟን አስቀድማ መስመሬ ውስጥ ገብታ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና ዝም አልኩላት።